የቀጭን ክር ያለህ!

ይህ ዘመን ወፍራም ነገር ይወዳል። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ወንበር አውጥቶ መንገዱን የሚያይ ሽማግሌ ይህን ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት አያስፈልገውም። የግቢው አጥር ወፍራም፣ የበሩ ብረት ወፍራም፣ የጎረምሳው የአንገት ሰንሰለት ወፍራም፣ የሠርጉ ድንኳን ድምፅ ማጉያ ወፍራም፣ ወሬው ደግሞ ከሁሉም የወፈረ። ይሁን፣ ይወፍር። እኔ የምጮኸው ለሌላ ነው። ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን ቀጭን የመንጠቆ ክር ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ መሳለሚያ፣ ከመሳለሚያ እስከ መርካቶ ፈልጌ አጣሁ። የሚስቅ ይሳቅ። የዳቦ ዋጋ ላይ አገሩ ሁሉ ያጉረመርማል፤ ክር ላይ የሚያጉረመርም አንድ ሰው ቢኖር ምን ይጎዳል?

ለነገሩ ባለሙያ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ነበርኩ የምለው ዓይኔ ከመርፌው ቀዳዳ ጋር ስለተጣላ እንጂ እጄስ ዛሬም ያው ነው። ከክር ጋር የኖረ ሰው ክር ሲነካ ጣቱ ይነግረዋል፤ ያረጀ ነው ወይስ አዲስ፣ ይለጠጣል ወይስ ድንገት ይበጠሳል፣ ባለቤቱ ፀሐይ ላይ አውሎታል ወይስ በጥላ አስቀምጦታል። ልጆቼን ያሳደገው ክር ነው። ስለዚህ የክር ነገር ሲበላሽ እያየሁ ዝም በል አትበሉኝ።

ሥራ ሳቆም ሐኪሙ «አባባ፣ አየር ይቀይሩ» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ከቤት ውጣልኝ» አለች። ሁለቱ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሐኪሙ ማስከፈሉ ነው። ዓሣ ማጥመድ ልጀምር ነው ብዬ እድር ላይ ስናገር አንዱ «ዓሣው ምን በደለህ?» አለኝ፤ ሌላው «የሰፈሩ ሉካንዳ ቤት ሁሉ ተዘጋ እንዴ?» ሲል ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀ። ሳቃቸው የሚቆየው እስከ ዐቢይ ጾም ነው። ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለው ክርክር በየዓመቱ በየደጃፉ ይነሳል፤ የሚከራከረውም ሰው እየተከራከረ «ትንሽ ብታመጣልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጋሼ እባላለሁ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ ያ ሽማግሌ ነኝ።

እውነት ነው፣ ኮልፌ ቀራንዮ ባሕር የለውም። ያለው ትንሹ አቃቂ ነው፤ እሱ ውስጥ የሚጠመደው ፌስታል፣ የመኪና ጎማና የአንድ እግር ጫማ ነው፤ ለዚያ መቼም ወፍራም ክር ያስፈልግ ይሆናል። በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ብትወጡ ገፈርሳ አለ፤ ነገር ግን ገፈርሳ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ጎረቤቶቼ ቡና የሚያፈሉበት ውሃ ላይ ትል ማንጠልጠል እኔም አልፈልግም። ወደ አባ ሳሙኤል እንዳንወርድ የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ጉድ ሁሉ ሰብስበው የሚያራግፉት እዚያ ነው። እንግዲህ የቀረው ሩቅ ነው፤ ቆቃ ወይም ዛሬ ባቱ የሚሏት ዝዋይ። ቆቃ አዋሽን ገድበው በ1952 ዓ.ም. ያስመረቁት፣ ጣሊያን በጦርነት ካሳነት ከከፈለችው ገንዘብ የተሠራ ግድብ ነው። ለመብራት ነው የተሠራው፤ ቆሮሶው ምርቃት ነው። እኔ ምርቃቱን እወዳለሁ፤ መብራቱስ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ወደ ዝዋይ የምወርደው ከአየር ጤና ተሳፍሬ በቡታጅራ በኩል ነው። መንገዱ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል። እዚያ ቦታ ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ድንጋይ ሲጠርብ እንደኖረ ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ፤ ባልጩቱን ያመጡ የነበረው እዚያው አቅራቢያ ካለው ባልጪት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሁለቱንም በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። መኪናው ድልድዩን ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እነዚያ ልብስ እንኳ ያልነበራቸው ሰዎች ለመቁረጥ አንድ ዓይነት፣ ለመፋቅ ሌላ ዓይነት ድንጋይ አዘጋጅተዋል። ለየሥራው የየራሱ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ያኔ ገብቷቸዋል። የመርካቶው ክር ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

የሱቁ ልጅ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ጥቅል በእንጨት አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ፋዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው። ዝሆን ቢጎትተው አይበጠስም።»

«ልጄ፣ ዝሆን ላጠምድ አልመጣሁም። ለቆሮሶ ነው።»

«ለቆሮሶም ቢሆን አይበጠስም።»

«ስለ መበጠሱ ማን ጠየቀህ? ቀጭን አለህ ወይ ነው ያልኩት።»

«ቀጭን ምን ያደርግልዎታል? በቀጭኑ ዋጋ ወፍራም እየሰጠሁዎት!»

ያው እንግዲህ፤ በዚህ ገበያ ክር የሚመዘነው በውፍረቱ ነው፣ ለምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥቅሉ ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጣቴ ግን «ውሸት ነው» አለኝ። ከደረት ኪሴ እርሳስ አውጥቼ ክሩን ጎን ለጎን፣ ሳላነባብር፣ ክፍተትም ሳልተው ጠመጠምኩትና በሜትሬ አንድ ሴንቲ ሜትር ለክቼ ዙሩን ቆጠርኩ። ሃያ ሆነ። ሃያ ዙር አንድ ሴንቲ ሜትር ከሞላ የአንዱ ውፍረት 0.50 ነው፤ የተባለው 0.25 እውነት ቢሆን አርባ ዙር መግባት ነበረበት። ልጁ እርሳሱን አየ፣ እኔን አየ፤ «ፋዘር፣ ኢንጂነር ነዎት እንዴ?» አለኝ። «ልብስ ሰፊ ነኝ» ስለው ፊቱ ላይ ብቅ ያለው አክብሮት ተመልሶ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለች፤ ለሱቅ ልጅ ብትነግሩት አይሰማም፣ እናንተ ግን ስሙኝ። ክር ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከመሐል ስፋቱ ነውና። ስለዚህ 0.25 ያለው ክር ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሦስት ኪሎ ቢችል፣ 0.50 ያለው አሥር ኪሎ አካባቢ ይችላል። ከዝዋይ የሚወጣው ቆሮሶ አብዛኛው ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለግማሽ ኪሎ ዓሣ የአሥር ኪሎ ክር! በዚህ ሂሳብ እኔም ለአንድ ሸሚዝ ቁልፍ በጆንያ መስፊያ መስፋት ነበረብኝ።

«ጉልበት ቢተርፍስ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ይጎዳል እንጂ! መጀመሪያ ቆሮሶ ማን እንደሆነች እንወቅ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተሯሩጠው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ያን ሰሞን እህል አትቀምስም፤ ሳይታወጅባት የምትጾም እሷ ብቻ ናት፣ ክርክርም አታውቅም። ሌላ ጊዜም ቢሆን ቀለቧ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ትልና ሊጥ ለእሷ የዘወትር ምግብ አይደለም። እንዲህ ያለች፣ ልጆቿን በአፏ የምታሳድግ ፍጡር፣ ወደ አፏ የሚገባውን ሳትመረምር ትውጣለች? አትውጥም። ትጠጋለች፣ ውሃውን ከነትሉ ወደ አፏ ሳብ ታደርጋለች፣ ደስ ካላላት መልሳ ትተፋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክሩ የወፈረ እንደሆነ አልታጠፍም ይላል፤ እሷ ስትስብ ትሉ አብሮ አይሄድም፤ ክሩ ይዞ ያስቀረዋል። ትንሿ መንጠቆም ቀዳዳዋ ወፍራም ክር አይችልም፤ ስለዚህ ትልቅ መንጠቆ ያስፈልጋል፤ ትልቅ መንጠቆ ደግሞ ቆሮሶ አፍ አይገባም፤ ነፋሱ ወፍራሙን ክር ስለሚገፋው ከባድ እርሳስ ያስፈልጋል፤ እርሳሱን ለመሸከም ትልቅ ቡሽ ያስፈልጋል፤ ትልቁን ቡሽ ደግሞ ቆሮሶ ብትነካው ንቅንቅ አይልም። አያችሁ? ክሩ ወፈረ ማለት ሁሉም ወፈረ ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የማይነቃነቅ ቡሽ ማየት ነው ትርፉ፤ ለዚህማ እድር ስብሰባ ይበቃኝ ነበር።

ለአምባዛ የሚፈልግ ወፍራሙን ይውሰድ፣ አልከለክልም። አምባዛ የሚመራው በማሽተት ነው፤ ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል፣ አንጀት ካገኘ ከነገመዱ ይውጣል። ጫሞ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ናይል ፐርች የሚያወጡትም ገመድ ይግዙ። እኔ የምለው ሁሉንም ዓሣ አምባዛ አታድርጉት ነው።

ደግሞ የፀሐዩ ነገር! ክሩን ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሰቅለውት ክረምት ከበጋ ይውላል። ናይለን ፀሐይ ይበላዋል። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን አልቋል። ለዚህ ነው ስገዛ አንድ ክንድ ያህል ይዤ በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ የምስበው፤ ደህና ናይለን መጀመሪያ ይለጠጣል፣ በስብሶ የከረመው ግን ሳይለጠጥ ጣ! ይላል። ባለሱቁ ጣ ሲል ይሰማና «ከጎተቱትማ!» ብሎ ይቆጣል። የመንጠቆ ክር ሳይጎተት ምን ሊደረግ ነው የተሠራው? ቋጠሮም ላይ ሰው አይሰማም። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በራሱ ሰበቃ ይሞቅና ከቋጠሮው ሥር ይደክማል፤ ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ነው። ይህን ለማንም ልብስ ሰፊ መንገር አያስፈልግም፤ ዕድሜያችንን ሁሉ ክር በአፋችን ይዘን ነው የኖርነው።

ድሮ ይሻል ነበር እንዳልል ድሮም የራሱ ጣጣ ነበረበት። በ1653 እ.ኤ.አ. ስለ ዓሣ ማጥመድ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን ዘመን ክር የሚገመደው ከፈረስ ጭራ ነበር። ፀጉሩን መርጠው፣ አጥበው፣ እየገመዱ፣ እየቀጠሉ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ የታወሰኝ ማሲንቆ ነው። የፈረስ ጭራ እኛ ዘንድ ሲዘፍን እነሱ ዘንድ ዓሣ ይጎትት ነበር ማለት ነው። አዝማሪ ጎረቤት ስለሌለኝ አመሰግናለሁ፤ ቢኖረኝ ኖሮ ቀጭን ክር ባጣሁበት በአንዱ ሌሊት ማሲንቆው ከእጄ ባልተረፈ። ኋላ በ1935 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮዘርስ የሚባል ኬሚስት ናይለንን ሠራው። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽ ሆነ፣ ከዚያ የሴቶች ረጅም ካልሲ ሆነ፣ በጦርነቱ ጊዜ ፓራሹት ሆነ፣ በመጨረሻም የዓለም ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ቀጭን ክር አገኘ። ከኮልፌው በቀር።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሜሪላንድ ነው ያለው። እሱም እዚያ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ፤ ከእኔ ወረሰ እንዳልል እሱ ነው ቀድሞ የጀመረው፤ እንግዲህ ምን ይባላል። የሚያጠምደው ክራፒ የሚባል የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉት፤ ጠፍጣፋ ነው፣ የመዳፍ ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጥ፤ ትናንሽ ዓሣ ይበላል። የአፉ ቆዳ ስስ ነው፤ አጥማጁ እጁ ከከበደ ከንፈሩ ይቀደድና መንጠቆው ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ አገር ሰው ለክራፒ በብዛት ከ4 እስከ 8 ፓውንድ የሚችል ክር ነው የሚመርጠው፤ 6 ፓውንድ ማለት 2.7 ኪሎ ነው፣ ውፍረቱም 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ልጄ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ተናደድኩ። እኔ በመርካቶ በእርሳስ ጠምጥሜ የደረስኩበትን እዚያ ሱቅ ውስጥ በዓሣው ስም ለይተው ደርድረውታል! አንዱ የክራፒ፣ አንዱ የሌላው። የእኛ ቆሮሶ ምን አጠፋች?

«አባዬ፣ እልክልሃለሁ» አለ፤ በሰው ሻንጣ ሦስት ጥቅል ላከ። ሦስት ዓይነት።

የመጀመሪያው ፍሎሮካርቦን ይባላል። ከናይለኑ የሚወደድ ነው፤ የሚወደደውም ውሃ ውስጥ እምብዛም አይታይም ተብሎ ነው። ነገሩ ውሸት አይደለም። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚታጠፍበት ልክ 1.33 ነው ይላሉ፤ የፍሎሮካርቦን 1.42፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ፤ ወደ ውሃው ልክ የቀረበው ይበልጥ ይደበቃል። ደስ ይላል። ግን የት ሆኖ? ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ደለሉ ይነሳል፤ ውሃው ቡና በወተት ነው። እዚያ ውስጥ ቆሮሶዋ የራሷን ጭራ ካየች ተመስገን ነው። ላንጋኖም ቡናማ ነው፤ ቆቃም ወይ ደለል ነው ወይ አረንጓዴ። በማያስተያይ ውሃ ውስጥ የማይታይ ክር፣ ያውም በዶላር! ውሃው ጥርት ወዳለው ወንጪ ሐይቅ ለሚወርድ ሰው አስቀምጬዋለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።

ሁለተኛው ጉንጉን ነው። ሥራውን ሳይ፣ አልዋሽም፣ ለደቂቃ ማጉረምረም አቆምኩ። ከፀጉር የቀጠኑ ስምንት ክሮች፣ አንዱ አንዱን ሳይረግጠው፣ ስፌቱ ሳይዛነፍ ተጎንጉነዋል። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሥራ አላየሁም። ከናይለን በእጅጉ ይጠነክራል፣ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ከሞላ ጎደል አይለጠጥም። ችግሩም ይኸው ነው። አፈ ስስ ዓሣ ላይ የማይለጠጥ ክር ምን ይሠራል? ትንሽ ነጠቅ ስታደርገው የእጅህ ኃይል ሳይቀንስ ከንፈሯ ላይ ያርፋል። ናይለን ግን ይለጠጣል፤ የሽማግሌን ድንጋጤ መሐል ላይ ያበርድለታል። እንዲህ እያልኩ ለባለቤቴ ሳስረዳ እሷ ጉንጉኑን በጣቷ እየሳበች ነበር። «አይበጠስም?» አለችኝ። «አይበጠስም» አልኩ። «አይረግብም?» «አይረግብም፣ ችግሩም…» ንግግሬን ሳልጨርስ ይዛው ወጥ ቤት ገባች። ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራ ቋንጣ ሰቀለችበት። ከሜሪላንድ ድረስ የመጣ የክራፒ ክር ላይ የኮልፌ በሬ ተሰቀለ።

ሦስተኛው ተራ ናይለን ነው፣ ባለ 6 ፓውንድ። ቀለሙ ግን የሚጮኽ ቢጫ ነው፤ ስፈታው የግቢው ልጆች ተሰበሰቡ። ክራፒ ስትበላ ሁልጊዜ ወደ ታች አትጎትትም አሉ፤ አንዳንዴ ትሉን ይዛ ወደ ላይ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ ምልክቱ ክሩ መርገቡ ብቻ ነው፤ ለዚህ ሲባል አጥማጁ ክሩን እንዲያየው ቢጫ ይቀቡታል። «ለዓሣው ሳይሆን ለአጥማጁ የተቀባ ነው፣ አባዬ» አለኝ። ለልጄ ያልነገርኩት ነገር ቢኖር ይህ ክር ለእኔ ዓይን የተሠራ ነው። ውሃው እንደሆነ ደፍርሷል፣ ቆሮሶዋ አታየውም፤ እኔ ግን በዚህ በደከመው መነጽሬ እንኳ አየዋለሁ። በእርሳስ ጠመጠምኩት፤ አርባ ዙር ገባ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውና ጣቴ ያለው አንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ግን ክር ያልቃል። ከድንጋይ ይፋተጋል፣ ከቄጤማ ሥር ይያዛል፣ ጫፉ በየጊዜው ይቆረጣል። ቢጫው አጥሮ ከዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ክንድ ሲቀር ያንን ሳልወድ የገዛሁትን የመርካቶ 0.50 በከረጢት ይዤ ዝዋይ ወረድኩ። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች ሥር አባ ኮዳዎቹ አንጀት ይሻማሉ። ከእነሱ ወዲያ አንድ ልጅ ሸምበቆ ይዞ ቆሮሶ በላይ በላዩ ያወጣል። ሁላችሁም አሁን ምን ልል እንደሆነ ገምታችኋል፤ ልጁ በለጠኝ ልል ነው። ልጁ አልበለጠኝም፤ ክሩ ነው የበለጠኝ። ቀርቤ አየሁት። ስስ ነው፣ ንጹህ ነው፣ አይታይም ማለት ይቻላል። እርሳሴን አወጣሁ። ሀምሳ ዙር!

«ልጄ፣ ይሄን የት ገዛኸው?»

«አልተገዛም አባባ። ከተቀደደ መረብ የፈታሁት ነው።»

«ሽጥልኝ።»

«አይሸጥም።»

ከረጢቴን ከፍቼ የመርካቶውን ጥቅል አሳየሁት። ዓይኑ በራ። ጎተተው፣ በጥርሱ ነከሰው፣ እግሩ ላይ ጠምጥሞ ሞከረው። «ይሄ ለጥጃ ማሰሪያ ይሆናል» አለ። ተለዋወጥን። ያ ክር ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ቦታው ላይ የዋለው ያን ዕለት ነው፤ አንገቱ ላይ የታሰረበትን ጥጃ ሳልቆጥር ማንም አልተከፋም።

ስመለስ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ከተማ ለከተማ የማስሰው ቀጭን ክር አገሩ ሙሉ አለ ማለት ነው፤ ግን መረብ ሆኖ። ጣና ላይ ይህ ከነጠላ ናይለን የሚሠራ መረብ ብዙ ሲባልለት፣ ብዙም ሲለቀስበት ቆይቷል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዓሣ አያየውም። ሲቀደድ ማንም አይጠግነውም፤ ጠጋኝ ለመሆን ስንት ሰፊ ተገኝቷል? ስለዚህ እዚያው ይጣላል። ተጥሎም ሥራውን አያቆምም፤ ባለቤቱ ረስቶት እሱ ዓሣ ይይዛል፣ የያዘው ይበሰብሳል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሌላ ይይዛል። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ የመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡ የሚጠብቃቸው የወንዞቹ አፍ ላይ ነው። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አውጥታለች፤ ሕጉም ደህና ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን አይታይም፣ ከፍሎሮካርቦን ይብሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እዚያ ድሩ አብሮ ያሰረው ልትወልድ የምትሄድን እናት ነው። ቀጭን ክር ስጡኝ ስል እንዲህ ማለቴ አይደለም። አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ሽማግሌ፤ ዓሣዋም እንቢ የማለት መብት ያላት።

ልጄ እሑድ እሑድ ይደውላል። ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ ክሩ እንዴት ሆነ?» አለኝ። ዕድሉን አገኘሁ ብዬ ወንበሬን ሳብ አደረግኩ። «ስማ፣ ጻፍ» አልኩት። «ፍሎሮካርቦን አትላክ፣ ገንዘብህን አታባክን። ቢጫውን ላክ። ባለ 6 ፓውንዱን፤ ባለ 4ም ካለ አንድ ጨምር፣ ለትንንሾቹ። ያመረቱበትን ዓመት እይ፤ መስኮት ላይ የዋለ እንዳይሆን። ጉንጉኑን ደግሞ ተወው፣ ለስስ አፍ አይሆንም…»

ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። «ጉንጉኑን ነው የሚልከው! ቢጫው ይቆይ። ለፋሲካ ቅርጫ ገብተናል በለው፤ ሁለት ጥቅል ይበቃናል።»

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። ልጄም «እሺ እማዬ» አለ።